አቧራ መምጠጫውና ጓድ ካሳ

የልጅ ልጆቼ «እማዋ፣ ያን ሊቀመንበር እንዴት እንደተበቀላችሁት ንገሪን» ካሉኝ ሰንብተዋል፤ እኔም ዛሬ ማለዳ በአንድ አናጢ ደጃፍ ሳልፍ የተላገ የዋንዛ እንጨት ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ፣ ቆቦ የነበረው የአባቴ ሥራ ቤት ድቅን አለብኝና ይኸው እነግራቸዋለሁ።

አባቴ እንድሪስ በርና መስኮት፣ አልጋና ሳጥን እየሠራ ያሳድገን ነበር። ሥራ ቤቱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰን ነበርና፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ካሳ ቤቷን ለወንድሙ ሻይ ቤት ሊያደርጋት ዓይኑን ከጣለባት ቆይቶ ነበር። ሰበብ ሲፈልግ ከርሞ አቧራችንን አገኘ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በዞብል ተራራ በኩል እየጠቆረ በሚመጣበት ሰሞን፣ በራችን ላይ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ፣ «ጓድ እንድሪስ፣ ሰጋቱራህ ሕዝቡን አሳለው። ለአውራጃም ጽፌብሃለሁ። እስከ ጥቅምት አቧራውን ካላጠፋህ ቤቱን ታስረክባለህ» አለው። ምሳ ይዛ የመጣችው እናቴ፣ «አቧራ የሌለው አናጢ የት አይተህ ታውቃለህ?» ብትለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» ብሏት ሄደ። ያን ቀን እናቴ፣ ጓድ ካሳ አቧራ ለብሶ ሳላየው ራሴን ቅቤ አይነካውም ብላ ማለች። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለው መሐላ የዋዛ አልነበረም፤ ጎረቤት የደረቀ ፀጉሯን ባየ ቁጥር ቤታችን ቂም እንደቋጠረ ያውቅ ነበር። አባቴ ግን ለስላሳ ሰው ነበርና፣ «ተይው፣ ለአላህ ስጪው» ይላት ነበር። እኔ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም ወገንነቴ ለእናቴ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ሜዳው ላይ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ የነበሩ ፈረንጆች ካምፓቸውን ነቅለው ሄዱ። ዘበኛው «የጣሉትን ውሰዱ» ስላለ ከአባቴ ጋር ሄደን ክምሩን ስናገላብጥ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ረጅም ቱቦ ያለው ዕቃ አገኘን። አባቴ ካምፑ ውስጥ በር ሲገጥም አይቶት ኖሮ፣ «ዘሀራ፣ ይህ እኮ አቧራ ይመጥጣል!» አለኝ። በአህያ ጭነን ወስደን ቢፈታው፣ ሞተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት የከሰል ቁራጮች አልቀዋል፤ ከሞተ የባትሪ ድንጋይ ጥቁሩን ዘንግ አውጥቶ በሞረድ እየሞረደ ተካቸው፣ የተቀደደውን ከረጢት ደግሞ እናቴ በአቡጀዴ ሰፋችው። የከተማው ጄኔሬተር ከቀትር በኋላ ሲነሳ ሰካው። ቱቦውን የገጠመው ግን በኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ ነበርና፣ መምጠጡ ቀርቶ እየነፋ የወለሉን ሰጋቱራ በላያችን አዘነበው። ሳቃችንን ጨርሰን፣ ቱቦውን ወደ ፊተኛው ቀዳዳ ቢያዞረው ወለሉን ላሰው። እኔ የኋላውን ቀዳዳ በልቤ ያዝኩት።

ጥቅምት ላይ ጓድ ካሳ መጥቶ ቢያይ ወለሉ ጽድት ብሏል። ፊቱን አጠቆረና፣ «ይህ ማሽን ከካምፕ የወጣ የሕዝብ ንብረት ነው። ነገ ከአውራጃ እንግዶች አሉብኝ፣ ጠዋት ቢሮዬ አምጣው። የቤቱን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን» አለ። ማሽኑ ከሄደ አቧራው ሊመለስ፣ አቧራው ከተመለሰ ቤታችን ሊሄድ ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ለአስር ሰላት ወደ መስጊድ ሲሄድ፣ እኔ ቱቦውን ነቅዬ እስከ አፉ ሰጋቱራ ጠቀጠቅኩበትና ከኋላ ገጠምኩት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ማሽኑን ቢሮው አደረሰለት፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ፣ በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቄ አይ ነበር። ጓድ ካሳ በአዲስ ካኪ ተጀንኖ፣ «ጓዶች፣ የእኛ ቀበሌ የሚጸዳው በዘመናዊ መንገድ ነው» አለና ማብሪያውን ተጫነ። ማሽኑ አገሳ፣ ቢሮው በአቧራ ጠፋ። እንግዶቹ እያስነጠሱ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «በርበሬ ነው! በርበሬ!» እያሉ ወደ እኛ በር ሮጡ። እኔ በርበሬ አልጨመርኩም፤ የእናቴ እጅ ነው ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠ። የእንግዶቹ አለቃ እናቴ ባቀረበችለት ውሃ ፊቱን ታጥቦ፣ ሥራ ቤታችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «በአቧራ የከሰስከው ቤት ይህ ነው? አቧራው ያለው አንተ ጋ ነው እንጂ!» አለው። ጓድ ካሳ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ሰጋቱራ ለብሶ ዓይኑን እያሸ ቆመ። ቤታችንን ከዚያ ወዲያ የነካው የለም፤ ማሽኑንም «ይህን ሰይጣን ከፊቴ አርቁልኝ» ብሎ መለሰው። እናቴ በዚያው ቀን ራሷን ቅቤ ተቀባች፣ የኔንም ራስ አለዘበችልኝ።

ዛሬ አናጢው ሁሉ በማሽን ይሠራል፣ ረዳት ልጆቹም የሚሠሩት አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው። እኔ አንዴ ዋጃ፣ አንዴ ጎብዬ ልጆቼ ዘንድ እየዞርኩ አረጀሁ፤ ስንቱን በደል ይቅር አልኩ፣ ጓድ ካሳ ሰጋቱራ ለብሶ የቆመበትን ቀን ሳስብ ግን፣ አላህ አይቁጠርብኝና፣ አሁንም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። አባቴ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን፣ «ለመሆኑ በርበሬውን መቼ ጨመርሽው?» ብላት ተገርማ አየችኝ።

«እስከ ዛሬ አታውቂም እንዴ? አባትሽ እኮ ነው። ከሰላት ተመልሶ ቱቦውን አየና አንድ ኩባያ በርበሬ ለመነኝ፤ ስሰጠው መለሰልኝና፣ የደቀቀውን አምጪ አለኝ።»