ያልተጨረሰው አንድምታ

ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ኮሜንተሪ ማለት ማብራሪያ ነው፤ የላቲን ሥሩም በልብ ማሰላሰል ማለት ነው» ሲሉን፣ ደስ ብሎኝ «እኛ አንድምታ እንለዋለን!» ብዬ ጮኽኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን «አንድም» የሚለው የአያቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አያቴ ደብረ ታቦር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ መጽሐፍ የሚተረጉሙ የኔታ ነበሩ። ለአንዲት ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያሉ ፍቺ ይደራርባሉ። እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ዐረብ አገር የሄደችው እናቴ መደወል ካቆመች ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ሚስታቸው እማማ ተማሪዎቹ መሀል ገብታ፣

«አንቱ፣ የመጽሐፉን ሁሉ ይፈታሉ፤ እስቲ የልጄንም ዝምታ ይፍቱልኝ» አለቻቸው።

አያቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አንድም ካርድ አልቆባት ይሆናል። አንድም አሠሪዋ ስልኩን ነጥቃት ይሆናል። አንድም...»

ተማሪዎቹ አቀረቀሩ።

«ሦስተኛውስ፣ አባባ?» አልኩ።

«አንቺ ወሬኛ! ሂጂ ውሃ አምጪልኝ።»

ውሃውን ይዤ ስመለስ ተማሪዎቹ ተበትነዋል። እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

አያቴ አርፈዋል። እናቴም እስካሁን አልደወለችም። መምህሩ «በመረጣችሁት ነገር ላይ ማብራሪያ ጻፉ» ስላሉን፣ የእናቴን ዝምታ መረጥኩ። ሁለቱን የአያቴን ፍቺዎች አሳምሬ ጻፍኩ። ከዚያ «አንድም» ብዬ ጀመርኩና፣ ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ።