ማህተሙ ያረፈበት ጉበት

በቄራው ሠራተኞች ዘንድ ስሙ ጋሽ ማህተም ነው። የስጋ መርማሪ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳንባ ሲዳስስና ጉበት ሲሰነጥቅ ኖሯል። ጤነኛውን በሐምራዊ ቀለም ያትማል፤ የታመመውን ጉድጓድ አስጥሎ ናፍጣ ያስደፋበታል። መግል አይቶ ፊቱን አያዞርም። ሲጠይቁት፣ አፍንጫዬን ቤት ትቼው ነው የምመጣው እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ሐሙስ ግን ሦስት የታመሙ በሬዎች ተከታትለው መጡበት። ጉበታቸውን ሲሰነጥቀው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ከነዝቃጩ ተዝረከረከ፤ ሳንባቸው መግል ቋጥሮ ከጎድናቸው ጋር ተጣብቋል። ወደ ጉድጓድ ሊያስወስዳቸው ሲል ሥራ አስኪያጁ ከኋላው መጣ። ይህ ሰው የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ነው። ጋሽ ማህተምን ወደ እምነት ያመጣውም፣ ጋብቻውን የባረከለትም እሱ ነው። ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ ትሉን ጠርገህ አትመው፣ ለትምህርት ቤቶቹ ምሳ ነው የሚሄደው፣ ሲቀቀል ሁሉም ይሞታል አለው። ጋሽ ማህተም ተከራከረ። ሰውየው ግን አልተቆጣም።

"እኔና አንተ ወንድማማች ነን" አለው ዝግ ብሎ። "ወንድም ወንድሙን አያሳፍርም።"

ጋሽ ማህተም አተመ።

እሁድ ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ንጹሕ እጅ ጸለየ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየወረደ፣ ምእመናኑም አሜን እያሉ። ጋሽ ማህተም ወደ ላይ የተዘረጉትን ለስላሳ እጆች ሲያይ ተነስቶ ወጣ። ከግድግዳው ጀርባ ዞሮ ቁርሱን እስከ መጨረሻው አስመለሰ። የተጸየፈው ሰውየውን ብቻ ቢሆን በተሻለው ነበር፤ የገዛ ቀኝ እጁ ሸተተው። በሳሙና አሸው፣ በአመድ አሸው፣ አልለቅ አለው። ባለቤቱ ምን ሆንክ ብትለው "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው" ብቻ አላት። ከዚያ ወዲያ ጸሎት ቤት አልረገጠም። ቤቱም ሊጸልይ ሲንበረከክ ያ ሁሉ አሜን ጆሮው ውስጥ ይጮህበትና ጉልበቱን አራግፎ ይነሳል።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጨጓራ አጣቢዋን ቧንቧው ጋ አገኛት። ከእሱ ጋር እዚያው ጸሎት ቤት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበቷ ፈርስ ውስጥ ቆማ የምትውል ሴት ናት። ቦት ጫማዋን እያጠበች ለምን እንደጠፋ ጠየቀችው። አንዲት ነገር ሳይደብቅ ነገራት። አትፍረድ ትለኛለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን ትፍ ብላ፣ ይቀፋል አለች። ቦቷን አስቀምጣ ቀና አለች።

"እኔም የመጣሁ ሰሞን ከፈርሱ ይልቅ የሚቀፈኝ ሰዉ ነበር፤ ሲሰርቁ ሰንብተው እሁድ ሲዘምሩ። እምነቱንም ሥራውንም ልተወው ብዬ ቆርጬ ነበር። አንድ ቀን የገዛ አጎትህን በሬ ጉድጓድ ስታስጥል አየሁህ። አጎትህ ቆሞ ይረግምሃል፣ አንተ ከንፈርህ እየተንቀጠቀጠ ናፍጣውን ታስደፋለህ። ይኼ ሰውዬ የሚፈራው አምላክ አለ አልኩ። እዚያው ፈርሱ ውስጥ እንደቆምኩ ጸለይኩ፣ ጋሼ።"

ያን ቀን ጋሽ ማህተም አይቷት እንኳ አያውቅም። ቀኝ መዳፉን ገልብጦ አየው።

"አሁንስ? አትሜያለሁ እኮ" አላት።

"አትመሃል። ንስሐ ግባና ሁለተኛ አትተም። እሱ ስለከረፋ አንተ ጌታህን የምትተወው ለምንድን ነው?"

በዚያው ከሰዓት ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ የራሱን እጅ ሳያስቀር ሁሉንም ዘረዘረ። በሳምንቱ እንደገና የታመመ ጉበት መጣ፣ የሥራ አስኪያጁ መዳፍም እንደገና ትከሻው ላይ አረፈ። ጋሽ ማህተም መዳፉን በቀስታ አነሳው፤ ጉበቱን ከትክቶ፣ ናፍጣ አምጡ አለ።

ወር ሳይሞላ የቆዳ መጋዘን መደቡት። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ቃል ተቀበሉ፤ ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ያን ስጋ የበሉት ልጆች ምን እንደሆኑ የነገረው የለም። ይህ ትዝ ሲለው እስከ ዛሬ ምራቁ ይመርበታል።

ጸሎት ቤት ግን ተመልሷል። ያ ድምፅ ከመድረክ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይቀፈዋል፤ ወለል ወለሉን እያየ የራሱን ጸሎት በሹክሹክታ ይጸልያል። በጨው የታሸው ቆዳ ሽታ ሲደርሳቸው ሰዎች ቀስ እያሉ ከአግዳሚው ይሸሻሉ። የማትሸሸው ጨጓራ አጣቢዋ ብቻ ናት። ዛሬስ ከእኔም ብሰሃል እያለች ጠጋ ትልና የመዝሙር ደብተሯን በሁለቱ መሃል ትዘረጋለች።