ናርሲሳና የቦዳርኩ ግንድ

ናርሲሳ ድራይዋተር የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቸሮኪዎች ዘንድ የእናት እህት እናት ስለሆነች፣ ዕድሜ ልኬን «እማ» እያልኩ ነው የጠራኋት። ባሏ ሌቪ በምሥራቅ ኦክላሆማ ኮረብቶች የታወቀ እንጨት ፈላጭ ነበር። የሚፈልጠው ማገዶ ሳይሆን የደጋን እንጨት ነው። ቦዳርክ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ በብርድ ወራት ይቆርጥና ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ሰው የሚያህል ፍልጥ ለደጋን ሠሪዎች ያወጣል። ራሱ ግን ደጋን መሥራትም ሆነ መተኮስ አይሆንለትም። በየመስከረሙ የበቆሎ አገዳ ከምረን ክምሩን በቀስት በመውጋት በምንወዳደርበት ሜዳ ላይ፣ የሌቪ ቀስት የሚፈለገው ሁልጊዜ ከክምሩ ማዶ ሣር ውስጥ ነበር።

እማ በዚህ ትስቅበት ነበር። እሷ ቅርጫት ሠሪ ነበረች። የኦክ እንጨት እንደ ጥብጣብ አሳስታ እየሰነጠቀች ትሠራ ነበር፤ ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው። የባሏን መዶሻ ግን ነክታው አታውቅም ነበር።

ሁለተኛ ልጄን ባረገዝኩበት ዓመት፣ በየካቲት፣ ሌቪን አንድ ገበሬ «አጥሬ ላይ ያለውን ትልቅ ቦዳርክ ቆርጠህ ውሰድ» አለው። ከሥሩ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ አንዲት ጉጥ የሌለበት ዛፍ ነበር። ግንዱን በትራክተር አስጎትቶ ግቢው አስገባ። በማግስቱ የተረፈውን ቅርንጫፍ ሊያነሳ ተመልሶ ሄደና፣ አንዱ ተፈናጥሮ ትከሻውን ሰበረው። ሐኪሙ አሰረለትና «እስከ ሰኔ መዶሻ እንዳታነሳ» አለው።

እንዲያ ያለ ግንድ ደግሞ እስከ ሰኔ አይጠብቅም። ጫፍና ጫፉን ቀለም ቢቀቡትም ፀሐይና ነፋስ እንዳሻቸው ይሰነጣጥቁታል፤ ትልም ቅርፊቱ ሥር ይገባል። ሌቪ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ግንዱን ሲያይ ይውላል፤ ምግብ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል።

በሦስተኛው ቀን እማ የሌቪን ቡትስ ተጫምታ ወጣች። እኔ ልጠይቀው መጥቼ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወደ ውሽማህ። እሷ እስክትሰነጠቅ ድረስ አንተ እህል የምትቀምስ አልመሰለኝም።»

«ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ቅርጫት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቅርጫት ቢሆን ይሄኔ አልቆ ነበር።» ብድግ ስል አየችኝና «አንቺ ደግሞ ሆድሽን ይዘሽ እዚያው ቁጭ በይ» አለችኝ።

የሌቪን የብረት ሽብልቅ የግንዱ ጫፍ መሀል ላይ ተክላ በመዶሻው መታችው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ መታችው። ግንዱ እንደ ጥይት ጮኸና ተከፈተ፤ ውስጡ ቢጫ፣ እንደ እንቁላል አስኳል። ሁለት ቦታ ቀና ብሎ ተከፈለላት። አንዱን ግማሽ እንደገና ለሁለት ልትከፍል ስትል ግን ስንጥቁ ወደ ጎን ሸሸ። አንዱ ወገን እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ መሀል መንገድ ላይ አለቀ።

«ማገዶ» አለ ሌቪ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

መዶሻውን አስቀምጣ ግንዱ ላይ ቁጭ አለችና የተበላሸውን እንጨት በመዳፏ ስትዳብስ ቆየች።

«ሌቪ፣ ስንጥቁ ወደ ቀጭኑ ነው የሚሸሸው።»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ያኔ ጅማቱን በመጥረቢያ እየቆረጥኩ እመልሰዋለሁ። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም።»

«እናቴ ኦክ ስትሰነጥቅ እንዲህ ሲሸሽባት ወፍራሙን ወገን ነበር የምታጎብጠው። ስንጥቁ ወደ መሀል ይመለሳል።»

«የእናትሽ ኦክ ጣት የምታህል ነበረች። ይሄን ማን ያጎብጠዋል?»

እማ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ከጓሮ በኩል ዝቅ ብሎ ባላ የሆነ ዛፍ አለ። ሁለተኛውን ግማሽ ጎትታ ወሰደችና ጫፉን በሽብልቅ ከፈተችው። ከዚያ የተከፈተውን ጫፍ በባላው መሀል አሳልፋ፣ ስንጥቁ ሲሸሽ ወፍራሙን ወገን ወደ ታች አዞረችና ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። እንጨቱ ተንቋቋ። ስንጥቁ ቆመ፤ ከዚያ በጣት በጣት እየተሳበ ወደ መሀል ተመለሰ።

ሌቪ ከወንበሩ ተነሳ። የታሰረ ክንዱን ደግፎ ወረደና ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«አርባ ዓመት ሙሉ» አላት፣ «ይሄን ሳትነግሪኝ?»

«መች ጠይቀኸኝ?»

የዚያን ቀን ማታ ሁለት ሳህን ባቄላ በላ።

ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። እጇ ቆስሎ ጨርቅ ጠምጥማበት ነበር። ከዚያ ግንድ አሥራ አራት ፍልጥ ወጣ፤ ሌቪ ራሱ አሥር ካወጣ ትልቅ ነገር ነበር። በሚያዝያ ኢላይ ሆግሹተር የተባለው ደጋን ሠሪ መጣና አንዱን አንስቶ በዓይኑ ለካው።

«ሌቪ፣ ዘንድሮ እጅህ ተባርኳል።»

«እጄ ታስሮ እያየህ? እሷን አናግራት።»

ሆግሹተር ባርኔጣውን አወለቀ። «ናርሲሳ፣ አንቺ ነሽ?»

«ቅርጫትም አለኝ፣ ከፈለግህ» አለችው።

የሌቪ ትከሻ ሰኔ ላይ ዳነ። መዶሻውን አንስቶ አንድ ሁለቴ ከመታ በኋላ መልሶ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ እሱ ዛፍ ይመርጣል፣ ሽብልቅ ይስላል፤ እሷ ትሰነጥቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ሲበላሽባት አትደብቅም፤ ልማር ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምታሳየው ያበላሸችውን ነበር። በአንድ መስከረም ሜዳው ላይ ቆሜ ብቆጥር፣ ከአሥራ ዘጠኝ ተወዳዳሪ አሥራ አንዱ የያዘው ከእሷ እንጨት የተሠራ ደጋን ነበር። ስነግራት «ስምንቱስ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

ባለፈው ጸደይ፣ እማ ከተቀበረች በኋላ፣ ሌቪ ወደ ጎተራው ወሰደኝ። ሠላሳ የሚሆን ፍልጥ ተደርድሯል። በየአንዳንዱ ላይ ዛፉ የቆመበትን ቦታና የተቆረጠበትን ወር በቸሮኪ ፊደል ጽፋበታለች። የሌቪ ዓይን ደክሟል፤ እኔ እያነበብኩ ቀኑን ሙሉ ለየናቸው። አንዱ ላይ «ጠማማ ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው» ይላል። እሱን ለሆግሹተር ሰጠነው። እስካሁን እያቃናው ነው፤ ሳገኘው ሁሉ እማን ይሰድባታል፣ እየሳቀ።