የእድሩ ድንኳንና የባለቤቴ አርባ ዓመት

ባለቤቴ አርባ ዓመት ሙሉ አገሩን ወክሎ ውጭ ሠርቷል። ጸሐፊ ሆኖ ጀምሮ አምባሳደር ሆኖ ጡረታ ወጣ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አብሬው አራት አገር ኖሬያለሁ፤ በየአገሩ ከሰው ተጣልቻለሁ፤ እሱም በየአገሩ አስታርቆኛል።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ብዙም አላከብረውም ነበር። ፈገግ ማለት፣ እጅ መጨበጥ፣ "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናስብበታለን" ማለት፤ ይሄ ሥራ ነው? ያጠፋን ሰው አጥፍተሃል አይለውም። አንድ ቀን ተናድጄ "አንተ ሰውዬ፣ ቤታችን እሳት ቢነሳ ከእሳቱም ጋር ትወያያለህ" አልኩት።

"እንደ እሳቱ ሁኔታ ነው" አለኝ።

ብርድ ያለበት አገር ሳለን ለመጀመሪያ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ምሳ ጋበዝን። በየወንበሩ ፊት ስም የተጻፈባት ካርድ ትቀመጣለች። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት ስላለው፣ ባለቤቴ ካርዶቹን ሲደረድር ሦስት ቀን ፈጅቷል። እንግዶቹ ቆመው ሲጫወቱ ገብቼ አየሁ። ከአንድ ትንሽ ኤምባሲ የመጡ ሽማግሌ ጸሐፊ ብርድ በሚገባበት በሩ ጋ ተመድበዋል። ልጄ ሊሆን የሚችል ሚኒስትር ደግሞ ከላይ። አስተናጋጁን ስም እያስነበብኩ ካርዶቹን ሁሉ በሽበት ደረደርኳቸው።

ሚኒስትሩ ወንበሩን ፈልጎ ፈልጎ በሩ ጋ አገኘው። የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ አንዴ ተነፈሰና "ክቡር ሚኒስትር፣ በእኛ አገር ትልቁ ማዕረግ ሽበት ነው። ከሁላችን ወጣት በመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት" አለ። ሚኒስትሩ ራሱ እስኪያነባ ሳቀ። ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ሳሙኝ። ባለቤቴ ግን ሶፋው ላይ ተዘረጋና "የሦስት ቀን ሥራዬን በሩብ ሰዓት አፈረስሽው" አለኝ። እኔ ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነኝ።

ጡረታ ሲወጣ ኮልፌ ወደሚገኘው የድሮ ቤታችን ተመለስን። የአየር ጤና ታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ "አምባሳደር፣ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው!" ይሉታል። እኔ ደግሞ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ በእኔ እጅ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ።

በእድራችን ውስጥ ቆሼ ቆሻሻ መጣያው ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለየች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት አለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትድር ድንኳኑን ከሁለት ወር በፊት አስያዘች። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልም ይነበባል። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የእድሩ ሊቀመንበር መጣ።

"እትዬ፣ የእሁዱ ድንኳን ለነጋዴው ይሁን ብለናል።"

ነጋዴው ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር መሄጃው ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ የገባ፣ የእድሩ አዲስ አባል ነው። ልጁን በቅርቡ ስለዳረ የሁለቱን ወገን ዘመድ ለቅልቅል ሊጠራ ነበር።

"እሁድ ተይዟል" አልኩት።

"እሷ ትረዳናለች። ሰውየው ለእድሩ የሚጠቅም ሰው ነው።"

"እሷ ብትረዳህም እኔ አልረዳህም። ቁልፉ ይኸው፤ አንገቴን ቆርጠህ ውሰድ!"

"ኧረ እትዬ! በስመ አብ!"

ወዲያው የሙሽራዋ እናት እያለቀሰች መጣች። "እማማ፣ ይቅርብኝ። ሸራ ወጥረን እንድራታለን። በልጄ ሠርግ ጠብ አልፈልግም።"

"ልጅሽ ሸራ ሥር አትዳርም" አልኳት። "ሂጂ፣ ድግስሽን ደግሺ።"

ሊቀመንበሩ ሲጨንቀው ጉዳዩን ለባለቤቴ ሰጠ። ደሜ ፈላ። "ግማሹን ድንኳን ለዚያ፣ ግማሹን ለዚህ ልትል ነው አይደል?"

"አስብበታለሁ" አለ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ።

ነጋዴው ቤት ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሻይ ጠጥቶ ይመጣል። "ምን አወራችሁ?" ስለው፣ መጀመሪያ ስለ ቤቱ አሠራር፣ በማግስቱ ስለ ልጅነቱ፣ በሦስተኛው ቀን ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም።

"ስለ ድንኳኑስ?"

"ገና ነን።"

ነጠላ ጫማዬን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

በአራተኛው ቀን "ተነሺ፣ አብረን እንሂድ። ቁልፉ ይታይ፣ አንቺ ግን አትናገሪ" አለኝ። ሄደን ተቀመጥን። ባለቤቴ ወደ እኔ እያመለከተ "ብዙ አገር ተደራድሬያለሁ። ከዚህች ሴት አንገት ቁልፍ ማውጣት ግን አቅቶኛል" አለ። ነጋዴው አየኝ፤ እኔም አፈጠጥኩበት። ከዚያ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ አንተ አሥር ድንኳን መከራየት ትችላለህ። የእድሩን ለምን ፈለግህ?"

"የእድሩ ድንኳን ከተተከለ ሰፈሩ ይመጣል" አለ ሰውየው። "ካልተተከለ ማን ይመጣልኛል? እዚህ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። እናቴ በር ላይ ስትውል ሰላም የሚላት የለም።"

አፈርኩ። በዚያ በር ወደ ገበያ ስሄድ ስመለስ ያለፍኩት ስንቴ ነው? ወንበር ላይ የተቀመጡትን አሮጊት አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደሩ አላልኳቸውም። ስለ ፍርድ ስጮህ የኖርኩ ሴት!

"ቅልቅል በሳምንት ይገፋል፤ ሠርግ አይገፋም" አለ ባለቤቴ። "የዚህን እሁድ እናትህን ይዘህ ሠርጉ ላይ ና። ሰፈሩን እዚያው ጥራው። በሳምንቱ ድንኳኑ እዚህ ይተከላል።"

አትናገሪ መባሌን ረሳሁት። "እናትየው ከፊት ነው የሚቀመጡት! እኔው ራሴ ነኝ የማስቀምጣቸው!"

ባለቤቴ "በሽበት" አለና ሳቀ።

እሁድ ድንኳኑ ተተከለ። ሙሽራዋ ስትገባ የእናቷን እልልታ እንባ ዋጠው፤ እኔ ተቀብዬ ጨረስኩላት። አሮጊቷን ከፊት፣ ከሙሽራዋ አክስት ጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ጉራግኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ወሬ ይዘው ሙሽሮቹንም ረሷቸው። ነጋዴው ተነስቶ ሰፈሩን ለሳምንቱ ጠራ።

በሳምንቱ የነጋዴው ግቢ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ። የባለፈው እሁድ ሙሽራ እናት ወንዶቹን እያዘዘች ወጥ ታስወጣለች፤ ሊቀመንበሩ ወንበር ይሸከማል። ባለቤቴን ጥግ አስይዤ "ለምን ከመጀመሪያው ቀን አልጠየቅከውም?" አልኩት።

"በመጀመሪያው ቀን ብጠይቀው ስለ ድንኳን ነበር የሚነግረኝ።"

አርባ ዓመት ሲሠራ የኖረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት፣ አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያሻሹ መጥተው በእጄ ጎተቱኝ። "ነይ እንጂ፣ ከበሮ ሲመታ ቆሞ ማየት ነው?" ጨፈርኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ እየዘለለ አገጬን መታኝ፤ አውልቄ ለአምባሳደሩ አስያዝኩት።