ዲ አይነካም

ፌኔት ሮሪሳ ለደንበኞቿ የምታቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፋይልህ ሲ ላይ ነው ዲ ላይ?» ሲ የተባለው የዲስክ ክፍል ዊንዶው የሚሉት የላፕቶፑ ዋና ፕሮግራም የሚያርፍበት፣ ላፕቶፑ በታመመ ቁጥርም ተጠርጎ እንደ አዲስ የሚጫን ነው። ዲ ግን የባለቤቱ ጓዳ ነው፤ ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ልፋቱ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ የላፕቶፕ ጠጋኝም እጁን አያሳርፍበትም። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ግን የማይገዛለት ጠጋኝ የለም። ፌኔትም ሳሪስ ተቀጥራ በሠራችባቸው አምስት ዓመታት ዲን ነክታ አታውቅም፤ ኮዬ ፈጬ የራሷን ሱቅ ከከፈተች ወዲህም እንደዚሁ።

ሱቋ የምትገኘው አባቷ ጤፍ ያጭዱበት በነበረው ማሳ ላይ ከቆመ ሕንፃ ሥር ነው። ለሚጠይቋት ድንበሩን በጣቷ ታሳያለች፤ ላልጠየቋት አታነሣውም። የምትኮራው በፍጥነቷ ነው። ጠዋት የገባ ላፕቶፕ ለምሳ ሰዓት እንደሚወጣ በአካባቢው የታወቀ ነው፤ እሷም ይህን ስም ላለማጉደል ትሮጣለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ወልደሚካኤል መጡ። በአቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት በመካኒክነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ድረስ የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ቂሊንጦ የተከፈተ አዲስ ፋብሪካ ወጣት መካኒኮችን ከሰኞ ጀምሮ እንዲያስተምሩለት ስለጠየቃቸው፣ አምስት ወር ሙሉ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሲጽፉ ቆይተው ነበር፤ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ሆኗል። ሐሙስ ዕለት መብራት ድንገት ሲጠፋ ባትሪው ያረጀው ላፕቶፕ አብሮ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ሲከፍቱት ነጫጭ ነጥቦች እያሽከረከረ ከዚያ አላልፍ አለ።

«ፋይልዎ ሲ ላይ ነው ዲ ላይ፣ ጋሼ?»

«ዲ ላይ። ሕጉን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አይስጉ። ሲን ጠርጌ አዲስ ዊንዶው እጭንልዎታለሁ። ምሳዎን በልተው ሲመለሱ ይወስዱታል።»

«የትም አልሄድም፤» አሉና ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

ፌኔት በልቧ «ዛሬስ ተቆጣጣሪ መጣብኝ» እያለች የዊንዶው መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰካች። የመጫኛው ዝርዝር ተዘረጋ። ትልቁ ዲስክ ሲንና ዲን ይዞ ከላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ደግሞ ሠላሳ ጊጋ እንኳ የማትሞላ፣ ስም የሌላት ሌላ ዲስክ ትታያለች። ፌኔት ስም የለሽ ነገር ስታይ ማጥፋት ልማዷ ነው፤ ለእሷ ንጹሕ ጭነት ማለት ትርፍራፊ የማያስቀር ነው። ጠቋሚውን ወስዳ ማጥፊያው ላይ አሳረፈች።

«ቆይ! ይቺ ምንድን ናት?»

«ምንም አይደለችም ጋሼ፤ ትርፍራፊ ናት።»

«ምን ትሠራለች ነው ያልኩሽ።»

ፌኔት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እኛ ፋብሪካ፣» አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል፣ «ብሎን ከመፈታቱ በፊት ሥራው ይነገራል። ሥራውን ያልነገረኝ ልጅ ማሽኔ አጠገብ አይደርስም።»

«ይሄ እኮ ብሎን አይደለም፣ ጋሼ።»

«ብሎን ቢሆንማ አንቺን አልጠይቅም ነበር።»

ፌኔት ሳቋ አመለጣት፤ ቢሆንም ጊዜዋ እየባከነ መሆኑ አንገበገባት። አዛውንቱን የምታሳምንበት አጭሩ መንገድ መጽሐፋቸው ዲ ላይ በሰላም መኖሩን በዓይናቸው ማሳየት ነው ብላ ወሰነች። ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ብቻ የሚሠራ ሌላ ሥርዓት ነበራት፤ በእሱ አስነሥታ ዲን ከፈተች። ምዕራፎቹ በተራ ወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠኝ። ከዘጠኝ በኋላ ባዶ ነው።

«አሥረኛው የት አለ?» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሦስቱን በዚህ ሳምንት ነው የጻፍኳቸው። ብልሽት እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምሩት ናቸው፤ ፋብሪካው የጠራኝ ለእነሱ ብሎ ነው እኮ! ሌላውን ማንም ያስተምራል።»

ሲ ላይ ፈለገች፤ የለም። ሰኞ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ የአምስት ወር ሥራ ጅራቱ ተቆርጧል። ፌኔት የምትሮጥበትን ረሳች። ላፕቶፑን አጥፍታ ገለበጠችው፤ ክዳኑንም ፈታች። ከትልቁ ዲስክ ጎን ከማስቲካ ብዙም የማትበልጥ ቀጭን ነገር ተሰክታለች። የላፕቶፑን ሞዴል በስልኳ ፈልጋ ማብራሪያውን አንድ ጊዜ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«ጋሼ፣ ትልቁ ዲስክ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ አዲስ የሚጻፈው ነገር መጀመሪያ እዚች ፈጣን ላይ ያርፋል፤ ወደ ትልቁ የሚሻገረው ኋላ ነው። ሐሙስ መብራት ሲጠፋ—»

«ሳይሻገር ቀረ!» ጋሼ ወልደሚካኤል ጉልበታቸውን መቱ። «የእኛ ጋሪ በይኛ! ከማሽን የወረደ ክር ጋሪ ላይ ይቆያል፤ ግምጃ ቤት የሚገባው ፈረቃው ሲያልቅ ነው። በመሀል ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ያየ ሰው ‹ዛሬ አልተሠራም› ይላል፤ ጋሪው ግን ሞልቶ ቆሟል።»

«እኔ ደግሞ ጋሪውን ላቃጥለው ነበር፤» አለች ፌኔት፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ዲን ሳትነካ ዲን ልታጠፋ አንዲት ጠቅታ ቀርቷት ነበር።

ክዳኑን ገጥማ ላፕቶፑን ስታበራው፣ ገና ሲነሣ በሚመጣው ማውጫ ውስጥ ሁለቱን ዲስኮች የሚያፋታ ትእዛዝ አገኘች፤ መጀመሪያ የተጠራቀመውን ወደ ትልቁ ያሻግራል፣ ከዚያ ያለያያቸዋል። ቃል በቃል አንብባ፣ ለጋሼም ሥራውን አስረድታ፣ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ተጫነችው። ቁጥሩ ከአንድ በመቶ መውጣት ጀመረ። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ቁጥሩን ይከተሉ ጀመር።

የጎረቤቱ ልብስ ስፌት ባለቤት ዙለይኻ ብቅ አለች። «ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት? ማን ሞተ?»

«ገና አልታወቀም፤» አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«እንግዲያው ሲታወቅ ጥሩኝ፤ ነጠላዬን ላዘጋጅ፤» ብላ እየሳቀች ተመለሰች።

መቶ ሞላ። ፌኔት በፍላሹ መልሳ አስነሥታ ዲን ከፈተች። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ጋሼ ወልደሚካኤል አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ፈቱ።

«ዙለይኻ!» ብላ ተጣራች ፌኔት። «ማንም አልሞተም!»

መጽሐፉን በሁለት ፍላሽ ገለበጠች። ከዚያ በኋላ ብቻ ሲን ጠርጋ አዲሱን ዊንዶው ትልቁ ዲስክ ላይ ጫነች። ትንሿን ዲስክ አላጠፋቻትም፤ ከትልቁ ዲስክ ስለተለያየች መኖሯ የሚጎዳው ነገር አልነበረም፤ ጋሼም ኮርሱ እስኪያልቅ ሥራ ፈት ሆና እንድትቀመጥ ፈረዱባት። የአማርኛ መጻፊያው ሲገባ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ በር ላይም ሦስት ደንበኞች ቆመዋል።

ጋሼ ወልደሚካኤል ግን አልተነሡም። የአሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ መጨረሻ ከፍተው ተክዘዋል። «መብራቱ የጠፋው የማሽኑ ዘንግ ስለሚሽከረከርበት ኩሽኔት ስጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ነው። ‹ኩሽኔት ሲጮህ› ይልና ያቆማል።» በሁለት ጣታቸው ፊደል ይለቅሙ ጀመር።

ፌኔት ወደ በሩ አየች። «ይንገሩኝ፤ እኔ ልጻፈው።»

«ኩሽኔት ሲጮህ ቅባት ለመጨመር አትቸኩል፤ ማሽኑን አቁመህ በእጅህ አዙረው፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በጆሮህ ለይ።»

የመጨረሻውን ቃል ተናግረው ሳይጨርሱ አራት ነጥቡ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ወልደሚካኤል አሥሩን ጣቶቿን አንድ በአንድ ተመለከቷቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን አምስት ወር የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ጋሼ። ላፕቶፕዎ ነው ለመታመም የዘገየው።»