የጋዋኑ አቧራ

ጎረቤቴ ጋሽ ተስፋማርያም ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ጓዳ ውስጥ ሲሞርዱ፣ ሲበይዱና ሲያቀልጡ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረዋል። በዚያ ቤት ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ወለል ላይ የረገፈው ብናኝ የባለሱቁ ነው፣ ልብስ ላይ የቀረው ደግሞ የሠራተኛው። ስለዚህ ጋዋናቸውን አንድ ቀን እንኳ ሱቅ ትተውት አያውቁም። እንደለበሱት እሪ በከንቱ ሠፈር ቤታቸው ድረስ ይወርዳሉ፤ ነፋስ እንዳይሻማቸው በርና መስኮት ዘግተው ምንጣፉ ላይ ያራግፉታል። ፀጉራቸውን ሳይቀር ያበጥራሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺዓለም አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ሰብስበው በወተት ጣሳ ያኖራሉ። እዚያ ወለል ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው። አንዴ ከቤታቸው ስወጣ ጫማዬን ደጃፍ ላይ ላራግፍ ብል «እዚሁ አራግፍ!» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ጳጉሜን ላይ የጣሳው አቧራ ተቃጥሎ፣ ታጥቦ የሚወጣው ወርቅ ምስር ቢያክል ነው። ለዚህች ምስር ዓመቱን ሙሉ መታፈን ምን የሚሉት ነገር ነው? ለጋሽ ተስፋማርያም ተናግሬ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝና ተውኳቸው። ሰውን መምከር ከደከመኝ ቆይቷል።

አንድ ልጃቸው እምሩ የቀን ሠራተኛ ነው። እሱና ሚስቱ ሥራ ሲውሉ ሕፃኗን ኤደንን ለአያቶቿ ይተዋሉ። ልጅቷ የዳኸችው እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሞላት፤ ቃል የላትም። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ፊቷም ገርጥቷል። ጠበል ተወሰደች፣ የትል መድኃኒት ዋጠች፤ ለውጥ የለም።

በመጨረሻ የየቤቱን አቧራና አፈር ለምርምር የምትሰበስብ ቤተል የምትባል ተማሪ ወደ ሠፈራችን መጣች። ልጅቷን አየችና ደሟ እንዲመረመር ወተወተች። ውጤቱን ይዛ የመጣችው እሑድ ቀን ነበር፤ ጋሽ ተስፋማርያም ግማሽ ቀን ሠርተው ጋዋናቸውን እንደለበሱ መግባታቸው ነው፤ እምሩም ነበረ፣ እኔም ነበርኩ።

«አባባ፣ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ከመንገዱ ዳር አፈር ይልቅ እርስዎ ምንጣፍ ላይ ይበዛል። ወርቁ ከሚበየድበትና ከሚነጠርበት ነገር ጋር በጋዋንዎ ነው የሚመጣው። ሕፃን ደግሞ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ አእምሮ ይጎዳል።»

«ትድናለች?» አሉ ጋሽ ተስፋማርያም።

«ዛሬውኑ ካቆማችሁና ሕክምናዋን ከተከታተለች ደሟ ውስጥ ያለው ይቀንሳል። የጎዳውን ሁሉ ግን ላይመልሰው ይችላል። ቤቱን በደረቁ አትጥረጉት፤ በውሃ ይታጠብ።»

እትዬ የሺዓለም ተነሡ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥተው ወለሉ ላይ ደፉት።

«ተይ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተስፋማርያም፤ ልማድ ነው። ወዲያው አፈሩና ቁጭ አሉ።

በር ላይ ቆሞ የነበረው እምሩ ቤተልን ዝግ ብሎ ጠየቃት። «እህቴ፣ እኔም እዚሁ ወለል ላይ ነው ያደግሁት። አፌን የፈታሁት በአምስት ዓመቴ ነው ይሉኛል። አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደግሜ ወደቅሁ። ይኼው ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ማወቅ አይቻልም» አለች፤ ዓይኑን ማየት አቃታት።

እኔም አቃተኝ። እምሩ ተማሪ ሳለ የትምህርት ቤት ካርድ በተሰጠ ቁጥር የቀበቶው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ቤቴ ይገባ ነበር። «ድንጋይ ራስ!» የሚለውም እንዲሁ። አባት ነው፣ ይቅጣ ብዬ ሬዲዮዬን ከፍ አደርግ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ጋሽ ተስፋማርያም ጋዋናቸውን ለማውለቅ ቁልፉን ይታገሉ ጀመር። እምሩ ጎንበስ ብሎ ይፈታላቸው ገባ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ እጁን ያዙት።

«ሰነፍ ነህ ብዬ እኮ ነው የገረፍኩህ» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አላቸው። «እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»