ሳይነቀል የተጠገነው ላፕቶፕ

«ጥላ ሆኜ ልቅር ከደጃፍሽ ማዶ፣
ም… ም… ም… ልቤ ባንቺ ነዶ…»

የመካከሉ ቃላት ከጠፉበት ዓመታት አልፈዋል። ነፍስ ዝራ ክፍተቱን በእንጉርጉሮ እየደፈነ፣ የአሮጌ ላፕቶፕ ሆድ ከፍቶ ቆሞ ይሠራል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ባትሪው ሞቶ ዘመን የረሳው ማሽን ሁሉ እሱ እጅ ሲገባ ስለሚነሣ። በወጣትነቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንድ ቀን እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ያኔ የተሰለበ ልቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም። ሚስት እንኳ ሳይፈልግ ሽበት ቀደመው።

የዛሬውን ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። ሟች ባሏ መንገድ ቀያሽ ነበር። በየበረሃው ሲያድር በዚህች ማሽን ይጽፍላታል፤ ሲመለስ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ያነብላታል። ከመጨረሻው ጉዞ ግን ታሞ ተመለሰ፤ የጻፈውን ሳያነብላት አረፈ።

«እታለም፣ የድሮ ማሽን ናት፤ የጻፈው ሁሉ በኤሌክትሪክ ክር የተንጠለጠለ ነው» አላት። «ለቅጽበት ከተቋረጠ፣ በቃ፣ ባዶ።»

«ታዲያ መጀመሪያ አናነበውም?»

«በምን ከፍተን? እስካሁን ጽሑፉን ያቆየችው የውስጧ ባትሪ ፈሳሿን አፍስሳ የፊደል ቁልፎቹን መስመር በልታዋለች። እሷን ነቅዬ አዲስ እስክበይድ ማሽኗን የሚይዛት ይሄ የግድግዳው ሶኬት ብቻ ነው።»

«እና ምን ያስፈራሃል?»

«እጄ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመበየጃውን ብረት ካጋለ በኋላ የብረቱን ሶኬት ነቅሎ ነው ቦርድ የሚነካው። እጁ ይህን ሳያዝዘው ያደርገዋል። ዛሬ ሁለቱ ሶኬቶች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ የብረቱና የማሽኗ።

«የማሽኗን ሶኬት ጨብጠሽ ያዢልኝ። እጄ ከመጣ ምቺው።»

«እኔ አንተን ስመታ መቼ ፈቃድ ጠይቄ አውቃለሁ?» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ያፈሰሰችውን ባትሪ አወጣ። አረንጓዴውን ዝገት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፤ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ሊቀጥል ብረቱን አጋለ። ዓይኑ ቦርዱ ላይ እንደ ተተከለ፣ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ወረደ።

ጷ!

«አንተ! የማሽኗ ነው እኮ!»

እጁን እንደ ተቃጠለ ሕፃን ሰበሰበው። የብረቱን ሶኬት ነቀለና ሽቦውን በየደ፤ ቀጥሎም አዲሷን ባትሪ። ከዚያ አንድ ፊደል ተጫነ። ግራጫው ስክሪን ላይ ጥቁር ጽሑፍ ተሰለፈ።

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«"ዛሬ ወንዙ ጋ ደረስን። ስንቱን ዳገት ለክቼ ሳበቃ፣ ሁሉም ወደ ቤት ያዘነበለ ይመስለኛል። መቼም ትስቂብኛለሽ…"»

የቀረውን ለብቻዋ አነበበች፤ እሱም ዘወር ብሎ ያልተበተነውን ብሎን ሁሉ መደርደር ጀመረ። ሲጨርስ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጽሑፉን እየገለበጠችበት ነበር። አንድ ጊዜ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልጠየቀም፤ ለእሱ የተጻፈ አይደለማ።

ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፍህ ዞሯል?» አለችው።

«ረስቼው።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አለ። ቁጭ ብለህ ብላ፤ ቆሞ መብላት የለም።»

ከማሽኖቹ መካከል በርጩማ ጎተተና ተቀመጠ። እንቁላሉን መላጥ ጀመረ።